ጦም ያደረ መሬትና አቀንጭራ

በመስከረም ወር የደጋው መስክ በአደይ አበባ ቢጫ ሲለብስ፣ ወደ ምዕራብ ወርዶ በአባይና በደዴሳ ቆላ የሚገኘው የማሽላ ማሳ በሌላ አበባ ይቀላል። ይህ ተክል ቁመቱ ከጉልበት እምብዛም የማያልፍ፣ ግንዱና ቅጠሉ ሲዳሰስ የሚሻክር፣ የአበባው ቀለም በሮዝና በሐምራዊ መካከል የሆነ፣ በአንድ ክረምት በቅሎና አብቦ ዘሩን በትኖ የሚሞት ነው። አገሩን የማያውቅ መንገደኛ ቢያየው ለጓሮው ይመኘዋል። የማሳው ባለቤት ግን አበባውን ሲያይ የዘንድሮው ማሽላ ምን ያህል እንደሚጎድል ያሰላል፤ አበባው አቀንጭራ ነውና።

አቀንጭራ ስለሚያደርሰው ጥፋት የግብርና ባለሙያዎቻችን ብዙ ጽፈዋል፤ ያንን መድገም የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አይደለም። እዚህ ላይ ለማስረዳት የሚሞከረው፣ ይህ አበባ ከዱር ሣር መካከል ወጥቶ የማሽላ ጠላት የሆነበት ታሪክ መሬትን የማሳረፍ ልማድ እየጠበበ ከመሄዱ ጋር እንዴት እንደተያያዘ ነው። ለምሳሌነትም የተመረጠው በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል የሚገኘው የካማሺ ዞን ነው። ‹‹መሐንዲስን አረም ምን አገባው?›› የሚል የማኅበራችን አባል ቢኖር፣ ነገሩ ወደ ሥራ ጠረጴዛችን እንዴት እንደሚደርስ ጥቂት ታግሦ እንዲመለከት እንጠይቃለን።

ከስሙ እንጀምር። አውሮፓውያን ይህን የዕፅዋት ወገን ‹‹ስትሪጋ›› ይሉታል። ስሙን በ1790 እ.ኤ.አ. ያወጣው በኮቺንቺና ይኖር የነበረው ፖርቱጋላዊው ሚሲዮናዊ ሎሬሮ ነው። ቃሉ በላቲን ጠንቋይ ማለት ስለሚሆን፣ እንግሊዞችም ‹‹የጠንቋይ አረም›› ብለው ይጠሩታል። የእኛን አገር ማሽላ የሚያጠቃውን ዋነኛውን ዓይነት ለሳይንስ ያስተዋወቀው ግን ናፖሊዮን በ1798 እ.ኤ.አ. ወደ ግብፅ ሲዘምት አብሮ የሄደው የዕፅዋት ሊቅ ደሊል ነው። ተክሉን በ1813 እ.ኤ.አ. ሲሰይመው በላይኛው ግብፅ በምትገኘውና በጥንት ዘመን ሄርሞንቲስ ትባል በነበረችው ከተማ ስም ጠራው፤ ከዚህም የተነሣ ዛሬ ስትሪጋ ሄርሞንቲካ ይባላል። ይኸው ደሊል በ1826 እ.ኤ.አ. ሌላ የዕፅዋት መጽሐፍ አሳትሟል። በዚያ መጽሐፍ የተገለጹት ዕፅዋት የግብፁ መሐመድ አሊ ጦር በ1821ና በ1822 እ.ኤ.አ. ወርቅ ፍለጋ እስከ ፋዞግሊና እስከ በርታ ተራሮች በዘመተ ጊዜ አብሮ የተጓዘው ካዮ ያመጣቸው ነበሩ። ከካዮ በኋላም ወደዚያው ምድር የመጡት ሩሴገር የተባለው ኦስትሪያዊና ኮቫሌቭስኪ የተባለው ሩሲያዊ ሁለቱም የማዕድን መሐንዲሶች ሲሆኑ፣ ሁለቱም አንዳንድ የዕፅዋት አጥኚ አስከትለው ነበር። ስለዚህ የምዕራቡ ቆላ ዕፅዋት ታሪክ ከመሐንዲስ ሙያ ጋር የተገናኘው ዛሬ አይደለም።

የአማርኛው ስም ግን ከጠንቋዩ ስም ይልቅ ወደ እውነቱ የቀረበ ነው። አቀንጭራ የሚለው ቃል ከ‹‹ቀነጨረ›› ጋር አንድ ሥር አለው። የቀነጨረ ልጅ የሚባለው በመብል እጥረት ቁመቱ የተገታ ነው፤ የቀነጨረ ማሽላም እንዲሁ። ስሙን ያወጣው ሰው ምንም መሣሪያ ሳይኖረው የበሽታውን ዓይነት በትክክል ለይቶታል፤ ተክሉ የሚገድለው ምግብን በመንጠቅ ነውና።

አነጣጠቁ እንዲህ ነው። የአቀንጭራ ዘር እንደ ትንባሆ ዱቄት የላመ ነው፤ ርዝመቱ ከአንድ ሚሊሜትር ሲሶ አይበልጥም። አንድ ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር፣ አንዳንድ ጊዜም ከመቶ ሺህ የሚበልጥ ዘር ያፈራል። ዘሩ ይህን ያህል ጥቃቅን ስለሆነ ስንቅ የለውም። በቅሎ በጥቂት ቀን ውስጥ የሌላ ተክል ሥር ካላገኘ ይሞታል። ስለሆነም ዝናብ ስለጣለ ብቻ አይበቅልም፤ አፈሩ ሞቆና ረጥቦ አንድ ሁለት ሳምንት ካዘጋጀው በኋላ እንኳ አጠገቡ ሕያው ሥር መኖሩን የሚነግረው ምልክት ይጠብቃል። ምልክቱ ካልመጣ ተመልሶ ይተኛል፤ በዚህ ዓይነት ከአሥር ዓመት በላይ አፈር ውስጥ ሊቆይ ይችላል። ምልክቱ ሲደርሰው ግን ይበቅልና ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ርቆ ወደሚገኘው ሥር ይጠጋል፤ መምጠጫ አካል አብጅቶ የማሽላውን ሥር ይበሳና ከውኃ መስመሩ ጋር ይገጥማል። ከመሬት በላይ ብቅ እስኪል ድረስ ብዙ ሳምንታት ከመሬት በታች ስለሚቆይ፣ ገበሬው አበባውን በሚያይበት ጊዜ የጉዳቱ አብዛኛው ደርሷል። ከወጣም በኋላ የቅጠሉን ቀዳዳዎች ማሽላው በሚዘጋበት ሰዓት እንኳ ሳይዘጋ ውኃ ያተናል። ለሙያ ባልደረቦቻችን ለመግለጽ ያህል፣ ከዋናው ቧንቧ ላይ ያለ ፈቃድ ተቀጥሎ ቧንቧው ሌሊትም ቀንም ክፍት የተተወ መስመር ማለት ነው፤ ግፊቱ ሁሉ ወደ እርሱ ያጋድላል።

ይህ ተክል ከየት መጣ? ማሽላ በመጀመሪያ ለማዳ የሆነው ከዛሬ 5,000 ዓመታት በፊት በዛሬዪቱ ሱዳን ምሥራቃዊ ክፍል፣ ማለትም ከእኛ ምዕራባዊ ቆላ ብዙም ሳይርቅ እንደሆነ፣ በከሰላ አካባቢ በተገኙ የሸክላ ስብርባሪዎች ላይ የቀሩ የዘር ቅርጾች ይመሰክራሉ። አቀንጭራም የተገኘው በዚሁ በሱዳንና በኢትዮጵያ መካከል በሚገኘው ምድር ነው የሚለው ግምት በሊቃውንት ዘንድ የተለመደ ነው። እንግዲህ ሰብሉና ጠላቱ የአንድ አገር ልጆች ናቸው። ሰው ማረስ ሳይጀምር አቀንጭራ በዱር ሣር ሥር ላይ እየተጠጋ ይኖር ነበር፤ ሣሩም ልዩ ልዩ ዓይነት ስለሆነና ተበታትኖ ስለሚበቅል አበባው እዚህም እዚያም ጥቂት ጥቂት ሆኖ ይታይ እንደሆነ እንጂ አይበዛም። ብዛቱ የመጣው አንድ ዓይነት ሣር፣ እርሱም ማሽላ፣ በሰፊ ቦታ ላይ ጎን ለጎን ሆኖ በየዓመቱ መዘራት ከጀመረ ወዲህ ነው።

የካማሺ ምድር ከአባይ በስተደቡብ ያለው ቆላና ወይና ደጋ ሲሆን፣ ቀድሞ በወለጋ ክፍለ ሀገር ይተዳደር ነበር። ያሶ፣ አጋሎ ሜጢ፣ ሰዳልና በሎ ጅጋንፎይ የዞኑ ወረዳዎች ናቸው። መሬቱን የሚሸፍነው እንደ አባሎና ወይባ ያሉ ቅጠላቸውን በበጋ የሚያራግፉ ዛፎች የሚበዙበት፣ በመካከሉ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ሣርና የቆላ ቀርከሃ፣ ማለትም ሽመል፣ የሚበቅልበት ጫካ ነው። በበጋ ሣሩ ይቃጠላል፤ ክረምት ሲገባ እንደገና ያቆጠቁጣል። ዕፅዋቱ ከእሳቱ ጋር ለብዙ ዘመን የተላመዱ ናቸው።

የዚህ አገር ነባር ነዋሪ የጉሙዝ ሕዝብ ነው። ጉሙዞች የሚያርሱት በአብዛኛው በመቆፈሪያ ሲሆን፣ ማሽላ ለገንፎውም ለመጠጡም ዋናው እህላቸው ነው። ከደጋውም ከሱዳንም በኩል ለብዙ ዘመናት በባሪያ ፈንጋዮች ሲወረሩ ስለኖሩ፣ ኑሯቸው ወደ ቆላው እየተገፋ፣ መንደራቸውም እየተበታተነ ቆይቷል። የእርሻቸው ሥርዓት እንዲህ ነበር፤ ጫካው ተመንጥሮና ተቃጥሎ ጥቂት ዓመታት ይታረሳል፤ ምርቱ ሲቀንስና አረሙ ሲያስቸግር ማሳው ይተዋል፤ ሌላ ማሳ ይከፈታል፤ የተተወው ቦታ ሣሩም ቁጥቋጦውም መልሶ እስኪይዘው ድረስ ለብዙ ዓመታት ይቆያል። ወልደሥላሴ አቡቴ በ2004 እ.ኤ.አ. በታተመው መጽሐፋቸው፣ ከአባይ ማዶ በመተከል የሚኖሩትን ጉሙዞች ሥርዓት ከሰፋሪዎቹ አስተራረስ ጋር አነጻጽረው ገልጸውታል።

በአማርኛችን ያልታረሰ መሬት ‹‹ጦም አደረ›› ይባላል። አነጋገሩ የደጋ ገበሬ አነጋገር ነው፤ ማሳው ጦም ካደረ ቤተሰቡም ጦም ያድራልና። ለቆላው ሥርዓት ግን አይስማማም። በዚያ ጦም የሚያድረው የታረሰው መሬት ነው፤ የተተወው እየበላ ነው። ቅጠል ይረግፍበታል፣ ሥር ይበሰብስበታል፣ ናይትሮጂኑም ፎስፈረሱም ወደ ላይኛው አፈር ይመለሳል። በአፈሩ የተኛው የአቀንጭራ ዘርም ሁሉ ባይሞትም፣ የሚጠጋው ማሽላ ስለማያገኝ በየክረምቱ ይመናመናል።

ይህ ለምን እንደሚሠራ በሳይንስ የተገለጸው ከገበሬው ልማድ እጅግ ዘግይቶ ነው። በ1966 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ተመራማሪዎች ከጥጥ ሥር የአቀንጭራን ወገን ዘር የሚቀሰቅስ ንጥረ ነገር አወጡ፤ ስሙንም ስትሪጎል አሉት። የሚያስገርመው ነገር ጥጥ በአቀንጭራ የማይጠቃ ተክል መሆኑ ነበር። ለመሆኑ አንድ ተክል ጠላቱን የሚጠራ ነገር ከሥሩ የሚያፈልቀው ለምንድን ነው? መልሱ እስከ 2005 እ.ኤ.አ. ድረስ አልተገኘም። በዚያ ዓመት የጃፓን ተመራማሪዎች ይህ ንጥረ ነገር ጠላትን ሳይሆን ወዳጅን ለመጥራት የሚላክ መሆኑን አሳዩ። ወዳጁ በሥር ላይ የሚኖርና ፎስፈረስን ከአፈር ለቅሞ ለተክሉ የሚያቀብል ፈንገስ ነው። ተክሉ ፎስፈረስ ሲያጣ ጥሪውን ያበዛል፤ በደለበ አፈር ላይ ሲሆን ግን ይቀንሳል። አቀንጭራ ያደረገው ነገር ቢኖር ይህን የእርዳታ ጥሪ ማዳመጥ መማሩ ነው።

ከዚህ በላይ ስለ አቀንጭራ የሚያስረዳ ነገር ያለ አይመስለኝም። የተራበ መሬት ላይ የተዘራ ማሽላ አብዝቶ ይጣራል፤ በጥሪው መጠንም ጠላቱ ይነሣበታል። ስለሆነም በማሳ ላይ የሚታየው የአበባ ብዛት፣ በግድብ ላይ እንዳለ የውኃ መለኪያ፣ የአፈሩን መጉደል የሚያሳይ ነው። መለኪያውን መንቀል ውኃውን አይሞላም።

ታሪኩ በአካባቢው የተለወጠው በ1977ና በ1978 ዓ.ም. ነው። ከከባዱ ድርቅ በኋላ በመንግሥት የሰፈራ ዘመቻ 600,000 ያህል ሰዎች በአብዛኛው ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ሲወሰዱ፣ ከ80,000 በላይ የሚሆኑት በመተከል፣ በበለስ ሸለቆ ሠፈሩ። በአሶሳ አካባቢም ሌሎች ሰፋሪዎች ነበሩ። ጫካው በቡልዶዘር ተመነጠረ፤ ማሳው በትራክተር ታረሰ፤ በበለስም በጣሊያን መንግሥት እርዳታ ታላቅ የልማት ፕሮጀክት ተተከለ። ሥራውን በሜካኒካልና በሲቪል ምሕንድስና ዓይን ስንመለከተው በአጭር ጊዜ የተከናወነ ትልቅ ሥራ ነበር። ነገር ግን በዕቅዱ ውስጥ ለማሳ ዕረፍት የተተወ ስፍራ አልነበረም። ማሽላ፣ በቆሎና ዳጉሳ በአንድ መሬት ላይ ዓመት ከዓመት ሲዘሩ፣ ሦስቱም ለአቀንጭራ ማዕድ ናቸው። ሜዳውን ያጡት ጉሙዞችም በቀራቸው ጠባብ መሬት ላይ የዕረፍቱን ዓመት ለማሳጠር ተገደዱ። አቀንጭራ ዛሬ የመተከልና የአሶሳ ገበሬ የዕለት ጭንቀት፣ የፓዊና የአሶሳ የግብርና ምርምር ማዕከላትም የምርምር ርእስ ሆኗል።

በመድኃኒቱ ፍለጋ ስማቸው ቀድሞ የሚነሣው የኢትዮጵያው ተወላጅ ፕሮፌሰር ገቢሳ ኢጄታ ናቸው። በ1950 እ.ኤ.አ. በወሎንኮሚ ተወልደው፣ በጅማ የእርሻ ትምህርት ቤትና በዓለማያ ኮሌጅ ተምረው፣ በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን በ1978 እ.ኤ.አ. ካገኙ በኋላ፣ ለአምስት ዓመታት ያህል በሱዳን ሠርተዋል። ወደ ፐርዱ ተመልሰውም ከላሪ በትለር ጋር የመረጡት መንገድ ለመሐንዲስ አእምሮ የሚስማማ ነው። ማሽላውን በጠቅላላ ‹‹ይቋቋማል፣ አይቋቋምም›› ብለው በማሳ ላይ ከመፈተን ይልቅ፣ የአቀንጭራን ሕይወት በደረጃ ከፋፍለው እያንዳንዱን ደረጃ ለብቻው መለካት ጀመሩ። ለመጀመሪያው ደረጃ የተሠራው መለኪያ እጅግ ቀላል ነው። ከባሕር አረም በሚገኝ እንደ ብርጭቆ ጠርቶ በሚረጋ ሙጫ ውስጥ የአቀንጭራ ዘር ይበተንና የማሽላ ፍሬ ይተከልበታል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ከማሽላው ሥር እጅግ ርቆ የበቀለው የአቀንጭራ ዘር ያለበት ርቀት በማስመሪያ ይለካል። ርቀቱ ከ1 ሴንቲሜትር በታች ከሆነ ማሽላው ብዙ የማይጣራ ዓይነት ነው።

በዚህ ዓይነት ተመርጠው ከተዳቀሉት መካከል ጎቢዬ፣ አብሽርና ብርሃን የተባሉት በአገራችን ለገበሬ ተለቀዋል። በ1994 እ.ኤ.አ. የተባዛው 8 ቶን ዘር ለ12 የአፍሪካ አገሮች ተዳርሷል። ፕሮፌሰር ገቢሳ በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን አግኝተዋል፤ በ2017 እ.ኤ.አ. ደግሞ እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው የጥሪውን ዓይነት የሚለውጠውን የማሽላ ጂን ለይተው አሳትመዋል። ልብ ሊባል የሚገባው ግን፣ ራሳቸው ተመራማሪዎቹ እነዚህን ዘሮች ያሰራጩት ከማዳበሪያና እርጥበት ከሚይዝ አስተራረስ ጋር በአንድነት መሆኑ ነው። ማሽላው ድምፁን ቀነሰ እንጂ ረኀቡ አልቀረምና።

ገንዘብ ያለው አገር ምን እንዳደረገም ማወቅ ይጠቅማል። በ1956 እ.ኤ.አ. ሌላው የአቀንጭራ ዓይነት በአሜሪካ በሁለቱ ካሮላይናዎች ታየ። ወረርሽኙ የያዘው መሬት ከ170,000 ሄክታር በላይ ነበር። መንግሥት አካባቢውን ከልሎ፣ ከማሳ ወደ ማሳ የሚሻገር የእርሻ መሣሪያ እንዲጸዳ አስገድዶ፣ ኤቲሊን የተባለውን ጋዝ በትራክተር በሚጎተት መርፌ ወደ አፈር አስገባ። ጋዙ ዘሩን ያታልለዋል፤ ሥር ያለ መስሎት ይበቅልና በረኀብ ይሞታል። በአሥርታት ዓመታት ሥራ ከጥቂቱ በቀር መሬቱ ሁሉ ጸዳ። ወጪው ለካማሺ የሚታሰብ አይደለም። ዳሩ ግን ለውዝ፣ ሰሊጥና አኩሪ አተርም ራሳቸው ሳይጠቁ ዘሩን በዚሁ መንገድ የሚያታልሉ በመሆናቸው፣ ከማሽላ ጋር ሲፈራረቁ ያለ መሣሪያ ያንኑ ሥራ በዝግታ ይሠራሉ። ሰሊጥና ለውዝ ደግሞ ለቤኒሻንጉል ጉሙዝ ገበሬ እንግዳ አይደሉም።

አሁን ወደ ሥራ ጠረጴዛችን እንመለስ። የሰፈራ ጣቢያ፣ የመስኖ መሬት፣ የግድብ ሐይቅ ወይም የሰፊ እርሻ ካርታ ሲነሣ፣ ምልክት የሚሰጣቸው የመሬት ዓይነቶች የታወቁ ናቸው፤ የታረሰ፣ ደን፣ ግጦሽ፣ መንደርና ያልታረሰ። ስምንት ዓመት ያረፈ የጉሙዝ ማሳ በካርታው ላይ ‹‹ያልታረሰ›› ወይም ‹‹ቁጥቋጦ›› ሆኖ ይገባል። ከካርታው ወደ ሪፖርቱ ሲሻገር ‹‹ባዶ መሬት›› ይሆናል፤ ከሪፖርቱ ወደ ውሳኔው ሲሻገር ለሌላ ይሰጣል። በ1977 ዓ.ም. የሆነው ይኸው ነው። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በክልሉ ሰዎች በመንደር ሲሰባሰቡና ሰፋፊ መሬት ለባለሀብት ሲከራይም፣ ከዚያም በታላቁ የሕዳሴ ግድብ ሐይቅ ምክንያት በመተከልና በካማሺ በአባይ ዳር የነበሩ መንደሮች ሲነሡም፣ ጥያቄው ያው ነበር። ቤቱ ይቆጠራል፤ የታረሰው ማሳ ይለካል፤ የማንጎው ዛፍ ግምት ይወጣለታል። ያረፈው ማሳ ግን በየትኛው ዓምድ እንደሚጻፍ አይታወቅም። ሰውዬው በአዲሱ ስፍራ የተሰጠው መሬት ከታረሰው ማሳው ጋር እኩል ቢሆን እንኳ፣ ከእርሻ ሥርዓቱ የተመለሰለት ከፊሉ ብቻ ነው። የጎደለው በምን እንደሚገለጥ ከጥቂት ክረምቶች በኋላ አበባው ይነግረዋል።

በመስከረም 2011 ዓ.ም. በካማሺ ዞን በተነሣው ግጭት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተፈናቅለው፣ ማሳዎች ያለ ባለቤት ቀርተዋል። እንዲህ ያለው ዕረፍት ከቀድሞው ጋር አንድ አይደለም። የቀድሞው ዕረፍት ሌላ የተከፈተ ማሳ ነበረው። ተፈናቃይ ሲመለስ ግን ከመንደር ርቆ ማረስን ስለሚፈራ ቅርቡን ማሳ ይደጋግማል፤ የምርጥ ዘሩ ከረጢትም ሆነ ማዳበሪያው መንገዱ ክፍት ሆኖ ካልደረሰው በቀር በአሮጌው ዘር ይዘራል።

በእኛ እጅ ያለው ነገር ትንሽ ቢሆንም ግልጽ ነው። የመንገድ ሥራ ውል የሙሌት አፈር ከየት እንደሚመጣ ይዘረዝራል፤ የአቀንጭራ ዘር በሰንሰለትና በባልዲ ጥርስ ላይ ተለጥፎ ከወረዳ ወደ ወረዳ ሊሻገር እንደሚችል ታውቆ፣ ከታረሰ ማሽላ ማሳ የላይኛው አፈር እንዳይወሰድና መሣሪያው ከሥራ ቦታ ከመነሣቱ በፊት እንዲታጠብ አንድ አንቀጽ መጨመር የሚከብድ አይሆንም። በመሬት አጠቃቀም ካርታ ላይም ‹‹ያረፈ ማሳ›› ለሚባል ዓይነት የራሱ ቀለም ሊሰጠው ይገባል፤ ከቀለሙም ጋር ያረፈበት ዓመት ቁጥር ይጻፍ። ቁጥሩን ለማግኘት የአየር ፎቶግራፍ ብቻ አይበቃም፤ የቀያሹ ቡድን ማሳው ጫፍ ላይ ቆሞ መጨረሻ ማን እንዳረሰውና በስንተኛው ዓመት እንደተወው ሊጠይቅ ይገባል።